ጉና ሥር ላለችው ቀበሌያችን ያዋጣነውን ገንዘብ በምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ የፋርጣው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትውልዴ ደቡብ ጎንደር፣ ፋርጣ፣ ጉና ተራራ ሥር ነው። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከዚያች ቀበሌ የወጣን ልጆች በየወሩ እያዋጣን ትንሽ ገንዘብ ይዘናል። ቀበሌዋን የሚለውጥ ነገር ላይ ልናውለው ፈልገን ሐሳባችን ተከፋፈለ። አንዱ ለየቤቱ የሶላር መብራት እንግዛ ይላል። ሌላው ባዮጋዝ፣ ከእበት የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ፣ ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት ነው። ሣሩ አልቋል። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችም ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል። እናቶቻችን ዛሬም በጉልቻ፣ በኩበት ነው የሚጋግሩት። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ ከየት እንደምንጀምር ንገሩን።

መልስ፦ ምድጃ ሠሪዋ (ደብረ ታቦር)

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ነገር ውስጤን ነካው። እኔ ከሴቶች ጋር ተደራጅቼ «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ እሠራለሁ። የእናንተም ሰፈር ሴቶች ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ከእኛ ይገዛሉ።

ሶላሩን አልጠላም። ልጆች በኩራዝ ጭስ ማጥናት የለባቸውም። ግን መብራቱ እንጀራ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ለገጠር ቤት የሚሸጠው ትንሽ ሶላር አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ በቃ። የገጠር ቤት ማገዶ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚበላው ምጣዱ ነው። ስለዚህ ከምጣዱ ጀምሩ እላለሁ።

እናንተ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እንጨቱ ስላለቀ የሚነደው ኩበት ነው። ያ ኩበት ለድንቹና ለገብሱ ማሳ የሚገባው ፍግ ነበር። ፍጉ እየነደደ ሰው በውድ ዋጋ ማዳበሪያ ይገዛል። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ነው የሚሠራው። ስድስት ቁራጭ አለው። አራቱ ገጥመው ምጣዱን ይሸከማሉ። ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያስወጣሉ፣ ድስትም ይጣድባቸዋል። ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ጋጋሪዋንም እሳቱ ፊት ለፊት አይገርፋትም።

ግን ከእኛ ገዝታችሁ በአህያ እንዳትጭኑት። ከባድ ነው፣ ዳገቱ ላይ ይሰበራል። ፎርማውን፣ ማለትም ምድጃው ተሞልቶ ቅርጽ የሚይዝበትን፣ ግዙና እዚያው ቀበሌ ላሉ ጥቂት ሴቶች ስጧቸው። ለመጀመሪያው ዙር ሲሚንቶም አቅርቡላቸው። ሥራውን እኛ መጥተን እናሳያቸዋለን። ሁለት ነገር በደንብ ይማሩ። አንደኛ፣ ምድጃው ከፎርማ ከወጣ በኋላ ጥላ ሥር ሆኖ ለቀናት ውሃ መጠጣት አለበት። ገዢ ቸኩላ ሳይጠነክር ከወሰደችው የመጀመሪያው እሳት ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛ፣ የሰፈሩ ምጣድ ስፋቱ ይለካ። ምጣዱ ካልገጠመ ሙቀቱ በጎን ያመልጥና ማገዶ ቆጣቢነቱ ስም ብቻ ይሆናል።

ደግሞ በነፃ አታድሉ። በነፃ የታደለ ምድጃ ጥግ ተቀምጦ ዶሮ ሲያድርበት አይቻለሁ። እኛ ጋ ሴቶቹ ዕቁብ ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣላት ምድጃዋን ትወስዳለች። ሠሪዎቹም ሽያጩን ተማምነው ሲሚንቶ ይገዛሉ። የእናንተ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ሥራው የሚቀጥለው እንዲህ ሲሆን ነው።

መልስ፦ ባለ ቀፎው

እህቴ ስለ ምድጃው የጻፈችው ልክ ነው። እኔ ስለ ተዳፋቱ ልጨምር። ከብት እንዳይገባ አድርጋችሁ ከንክኪ ነፃ ካደረጋችሁት ሣሩ እናንተ ከምታስቡት ቀድሞ ይመለሳል። እርከን ሥሩና ዳር ዳሩን ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ትከሉ። ደጋ ይስማማዋል፣ ቅጠሉ ለበግ መኖ ነው፣ አበባው ለንብ ነው፣ ሥሩ አፈሩን ያለማል።

ለወጣቶቹ ማር ብቻ ተስፋ አትስጧቸው። ንብ መንጋዋ እስኪበረታ ጊዜ ትፈልጋለች፣ ያ ሁሉ ብርድም አለ። እስከዚያው ሣሩን እያጨዱ በግ ያሞክቱ። የፋርጣ በግ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ገበያ አያጣም። ቀፎውን ንፋስ የማያገኘው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። ስትጀምሩ በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው የሽግግር ቀፎ ይበቃችኋል። ከቀርከሃና ከጭቃ እዚያው ይሠራል። ዘመናዊው ቀፎ የማር ማውጫ ማሽንና ንቧ እንጀራዋን የምትሠራበት የታተመ ሰም ይፈልጋል፣ ያንን ማን ያቀርብላችኋል?

አደራ የምለው ማሳ ላይ ስለሚረጨው ፀረ ተባይ ነው። ገበሬው ቀን ንብ በምትወጣበት ሰዓት ከረጨ መንጋ ያልቃል። ከመርጨቱ በፊት ለቀፎ ባለቤቶች ይንገር፣ አመሻሽ ላይ ይርጭ። ይህን ከወዲሁ ካልተስማማችሁበት ቀፎ አትግዙ።

መልስ፦ የመንዝ ሰው

ስለ ሕጉ ማንም አላነሳም። ያለ ሕግ ተዳፋት አይጠበቅም። እኛ ጋ ጓሳ የሚባል የጋራ ሣራማ ተራራ አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአገሬው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት የተጠበቀ ነው። መሬቱን የሚጋሩት የአስቦና የጌራ ወገኖች የሚጠብቀውን አለቃ ይመርጡ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ሲደርስ ደግሞ በስምምነት ተከፍቶ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። በኋላ ሕዝቡ መልሶ ደንብ አውጥቶ መጠበቁን ቀጠለ። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ሰው ይመጣል፣ ማኅበረሰቡም የራሱ የእንግዳ ማረፊያ አለው።

ከዚህ የምትወስዱት፣ መዝጋቱን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚከፈትና ሣሩ እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድማችሁ ጻፉ። ሁልጊዜ የተዘጋ ተራራ ሌባ ያበዛል።

የፋርጣው ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ደንቡን ማን ያውጣ ነው ጥያቄዬ፣ ቀበሌው ወይስ ዕድሩ? ባዮጋዙንስ ጨርሰን እንተወው? ከአባሎቻችን ግማሹ በእሱ ነው የሚምለው።

መልስ፦ ምድጃ ሠሪዋ

ዕድሩ ያውጣው፣ ቀበሌው ያጽድቀው። ከብቱ ጥሶ የገባበት ሰው ቀበሌውን ሊሸሽ ይችላል። ዕድሩን ግን አይሸሽም፣ ነገ ሐዘን አለበት። ደንቡ ሲጻፍ ሴቶች ይቀመጡ። ኩበት የምትለቅመው፣ ሣር የምትሸከመው እሷ ናት፣ እሷ ያልተስማማችበት ክልከላ ሌሊት ይጣሳል።

ባዮጋዙ መልካም ነገር ነው፣ ቦታው ግን የእናንተ አይደለም። ጋዙን የሚያመነጩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፣ በጉና ብርድ ሥራቸው ይዘገያል። በየቀኑ የከብት እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ ያን ውሃ ከወንዝ የሚያመጣው የእናቶች ጀርባ ነው። ነበልባሉም ለወጥና ለቡና እንጂ ለትልቅ ምጣድ አይበቃም። ወደ ፎገራ ወርዳችሁ ከብት የበዛበት፣ ውሃ ደጃፉ የሆነ ቤት ካለ እዚያ ሞክሩት። ከሱ የሚወጣው ፈሳሽ ፍግ ለማሳ ግሩም ነው።

ሶላሩን ለሁሉም ቤት አትግዙ። ከወጣቶቹ ሁለቱን ጥገና አስተምሯቸው፣ ሽቦና ባትሪ መቀየር ይልመዱ። ለእነሱ አንድ ጠንከር ያለ ሶላር በብድር ስጧቸውና የስልክ ቻርጅ ቤት ይክፈቱ፣ መብራትም እዚያው ይሽጡ። ባትሪ ሲሞት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አለዚያ የሰጣችሁት ፓኔል ጣራ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ለፎርማው ከመስቀል በኋላ ደውሉልኝ። አሁን ክረምት ነው፣ ምድጃው አይደርቅም፣ መንገዱም ጭቃ ነው። እስከዚያ የምጣዶቹን ስፋት ለክታችሁ ላኩልኝ።