በሀሪኬን ወቅት ወደ ኦርላንዶ መጓዝ

ጥያቄ፦ በሴፕቴምበር ልጆቼን ይዤ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ኦርላንዶ ወደሚገኙት የዲዝኒ ወርልድ የመዝናኛ ፓርኮች ለመሄድ አስቤአለሁ። ሰልፉ ይቀንሳል ቢባልም የሀሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት መሆኑ አሳስቦኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚዘልቅ ሲሆን የሚያይለው በሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ኦርላንዶ ከባሕር ራቅ ያለች በመሆኗ የባሕሩ ሙላት ባይደርስባትም ነፋሱና ዝናቡ አይቀርላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሚልተን የተባለው ሀሪኬን ሲመታ ፓርኮቹ ኦክቶበር 10 ተዘግተው ውለዋል።

መልስ፦ የጉዞ ኢንሹራንስ ከፈለጉ አሁኑኑ ይግዙ፤ ሀሪኬኑ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ውል በአብዛኛው በእሱ ለደረሰ ኪሳራ አይከፍልም።

መልስ፦ እኔን የሚያሳስበኝስ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ነጎድጓዳማ ዝናብ ነው። መብረቅ ሲቃረብ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ስለሚቆሙ፣ እነሱን በጠዋት አስቀድመው ጣሪያ ያላቸውን ለከሰዓት ያቆዩ።