በፈረንጅ ክረምት ትራውት የሚያጠምድ አለ? አራት ሰዓት ቆሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የምኖረው። ሰመር ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳውዝ ፕላት ወንዝ፣ ዴከርስ አካባቢ ወስዶ ፍላይ ፊሺንግ አስለመደኝ (ፍላይ የሚሉት ነፍሳት አስመስለው መንጠቆ ላይ የሚያስሩትን ማታለያ ነው)። ያኔ ደህና ነበር፣ ትልቅ ፍላይ ጣል ሳደርግ ዓሣው ራሱ እየዘለለ ይይዝልኝ ነበር። ቅዳሜ ግን ጉድ ሆንኩ። ዓሣ በማለዳ ነው ብዬ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ቆሜያለሁ። የዘንጉ ቀለበቶች በየአምስት ደቂቃው በበረዶ እየተደፈኑ ክሩ አልወጣ አለኝ። አራት ሰዓት ሙሉ አንድም ንክሻ የለም። ጣቶቼማ የእኔ መሆናቸውንም እንጃ። ባለቤቴ ደግሞ ጾሙን አስባ ድስት ጥዳ ጠበቀችኝ (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አታንሱብኝ)። ዓሣው የት ገባ? ወይስ እስከ ሚያዝያ ዘንጌን ልስቀል?

ሐምሌ ነሽ፦
ክረምት ስትል ዝናቡ መስሎኝ ጃንጥላ ልመክርህ ነበር 😂

የካንየኑ፦
አትስቀል። ስህተትህ ሰዓቱና ቦታው ነው። በብርድ ጊዜ ዓሣ እንደ አንተ አይማልድም። ሰውነቱ ከውሃው ጋር ስለሚቀዘቅዝ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ታች ተኝቶ አፉ ሥር የመጣለትን ብቻ ነው የሚቀምሰው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ከቤት አትውጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠቅልለህ ግባ። በሐበሻ አቆጣጠር ነው ደግሞ፣ ኋላ ሌሊት ሄደህ እንዳትረግመኝ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ወደ ቺዝማን ግድብ ጠጋ በል። ውሃ ከሁሉም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሐይቁ ላይ በረዶ ቢጋገርም ታች ያለው እዚያው 4 አካባቢ ይቆያል። ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው እሱ ነው። ለአንተ ብርድ ነው፣ ለትራውቱ ግን የሚኖርበት ነው። ወደ ታች ወደ ዴከርስ በወረድክ ቁጥር እየቀዘቀዘ ይሄድና ዳሩ በረዶ ይይዛል።

ትልልቁን ፍላይ ቤት ተወው። በዚህ ወቅት ውሃው ላይ ያለው ሚጅ ነው፣ ከቢንቢ የምታንስ ነገር። ቁጥር 22 ወይም 24 መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ 6ኤክስ የሚሉት ውፍረት ይበቃል። አርኤስ ቱ የሚሏትን ፍላይ ፈልግ፣ ሪም ቹንግ የተባለ ሰው ለዚሁ ወንዝ ብሎ የሠራት ናት። ክሩ ላይ ንክሻ እንድትጠቁምህ የምታስራትን ተንሳፋፊ ደግሞ ዓይንህን ሳትነቅል እያት። በክረምት ዓሣ አይጎትትም። ተንሳፋፊዋ ትንሽ ፈራ ተባ ካለች፣ ያ ነው፣ አንሳ። ክሩ ፍላዩን ከጎተተው ግን ማንም አይነካልህም። ቀለበቶቹ በረዶ ሲይዙ በጥፍርህ አትፈልፍል፣ ይሰበራሉ። ዘንጉን ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ይሟሟል። ቀድመህ የከንፈር ቅባት ብትቀባቸው ትንሽ ፋታ ይሰጡሃል።

ለባለቤትህ ግን አዝናለሁ። ከግድቡ ሥር ባለው ገደላማ ሸለቆ፣ ቺዝማን ካንየን ውስጥ የያዝከውን ሁሉ መልቀቅ ሕግ ነው።

የዲንሾ ልጅ፦
እኛ ባሌ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት አለን እኮ! ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚወርደው ያው ዌብ። ዓሣው የአገራችን አይደለም፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ዲንሾ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኛም ፀሐይ ሳይወጣ አንሞክርም። በእኛ ክረምት ደግሞ ወንዙ ሲደፈርስ ፍላዩን እንኳን ዓሣው አንተም አታየውም።

ጫማ ሰፊው፦
ሁለት ነገር ልጨምር። ጫማህ ሥሩ ፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ መሳይ ጨርቅ) ከሆነ በረዶው ይጠፈጠፍበትና ታኮ ጫማ ያደረግህ ነው የሚያስመስልህ፣ እኔ በዚያ ወድቄ አንድ ቁርጭምጭሚት ከፍያለሁ። ጎማ አድርግ። ዳር ላይ የተጋገረውን በረዶ ደግሞ አትርገጠው፣ ሥሩ ባዶ ነው። ሌላው፣ ብራውን ትራውት በመጸው እንቁላሉን ጠጠር ውስጥ ቀብሮ ነው የሚከርመው። ነጣ ያለ፣ በመጥረጊያ የተጠረገ የሚመስል ጠጠር ካየህ ዞረህ እለፍ። ዓሣ ስትይዝም ከውሃ አታውጣው፣ በእንዲህ ያለ ብርድ ስንጥቡ ቶሎ ይጎዳል።

ጀማሪው፦
ተመልሻለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ደርሼ ሰባት ተኩል ላይ ያዝኩ! ተንሳፋፊዋ አልሰመጠችም፣ ብቻ ቆም አለች፣ ጠጠር የያዘኝ መስሎኝ ሳነሳው ጠጠሩ መሄድ ጀመረ። አንድ ክንድ የምታህል ሬይንቦ ትራውት። ፎቶ አነሳሁና መረቡ ውስጥ እንዳለች ለቀቅኳት። ፎቶውን ለባለቤቴ ባሳያት «ታዲያ ስልክህን ነው የምቀቅለው?» አለችኝ።