302 ይወጣልኛል፤ ጉብታው ግን 220 ላይ ነው

የጽንፈ ዓለሙን ጉብጠት ከታላቁ ፍንዳታ የቀረውን ማይክሮዌቭ ጨረር ከለካው ከፕላንክ ሳተላይት የ2018 እ.ኤ.አ. ውጤት ተነሥቼ በራሴ እጅ ለማስላት እየሞከርኩ ነው። የጥንቱ የድምፅ ሞገድ የተጓዘውን 144.4፣ ማይክሮዌቩ ጨረር ከተነሣበት እስከ እኛ ያለውን ደግሞ 13,870 ሜጋፓርሴክ (አንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው) ብዬ ያዝኩ፤ ሁለቱም በዛሬው መስፋት የተለኩ ናቸው። ሳካፍል 0.0104 ራዲያን፣ ማለትም 0.6 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ፓይን ለዚህ ራዲያን ሳካፍል 302፤ ይህ መልቲፖል የሚባለው ቁጥር ነው፣ ሲበዛ በሰማይ ላይ ያነሰ ማዕዘንን ያመለክታል። የጨረሩን የሙቀት መዋዠቅ በየመልቲፖሉ በሚያሳየው ግራፍ ላይ ግን የመጀመሪያው ጉብታ 220 አጠገብ ተገትሯል! አሃዶቹን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ፤ ስህተት የለባቸውም። ልዩነቱን በጉብጠት ልሸፍን ስል ጽንፈ ዓለሙ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ቁጭ ይላል፤ ጠፍጣፋ ነው ከሚለው ልኬት ጋር ጨርሶ አይገጥምም። ጉብጠቱን ዜሮ አድርጌ ብይዘው፣ ጉብታውን ከ302 ወደ 220 የሚያወርደው ምንድን ነው?