ከሰልፉ በኋላ የት ልግባ? ለዲሲና ለሜሪላንድ ሰዎች ጥቆማ

«ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ በአካባቢዬ ምን ልሥራ?» ላልሽው እህቴ፣ እኔ የማውቃቸውን ላወዳድርልሽ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ የሕንፃሽ የተከራዮች ማኅበር ነው። ዲሲ ውስጥ በ1980 የወጣ ሕግ አለ። ባለቤቱ ሕንፃውን ሊሸጥ ሲነሳ ተከራዮቹ ቀድመው የመግዛት ዕድል ይሰጣቸዋል። አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባለው ሕንፃ ግን ይህን መብት ለመጠቀም መደራጀት ግድ ነው። ሕጉ ተሻሽሏል፤ የእናንተን ሕንፃ ይመለከት እንደሆነ ኦፊስ ኦፍ ዘ ቴናንት አድቮኬት የሚባለውን የከተማውን ቢሮ ጠይቂ። ተከራዮች በመደራጀታቸው ማስፈራራትም በሕግ የተከለከለ ነው። ይህን ለጎረቤቶችሽ ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ እናቶቻችን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ከቤት መባረርን ነው። በር ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይነበብ ቀኑ ሲያልፍ ያሳዝናል። አንቺ ቁጭ ብለሽ በአማርኛ ካስረዳሻቸው ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ መብት ነው። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የወጣው በ2004 ነው። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። አንድ ሰው አስተርጓሚ ተከልክሎ ከተመለሰ ለሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ብዙ ሰው ተናዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ አያመለክትም። አቤቱታውን አብረሽ ብትሞዪ ትልቅ ነገር ነው። ሰፊ ጊዜ ለሌላት ሴት የምመክረው ይህን ነው።

ኤ ኤን ሲ የሚባለው የሰፈር ኮሚሽን ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮሚሽነሮቹ ለሁለት ዓመት የሚመረጡ፣ ደመወዝ የሌላቸው የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ወደ 2,000 ሰው ይወክላሉ። የመጠጥ ፈቃድ፣ ግንባታ፣ መንገድ፣ ሁሉም በእነሱ በኩል ያልፋል። ምክር ሰጪ ቢሆኑም መሥሪያ ቤቶቹ አስተያየታቸውን በክብደት እንዲያዩ ሕጉ ያስገድዳል። ስብሰባው ይረዝማል፤ ግን ሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ሰፈር ከእኛ ሰው አንድ እንኳ ሳይገኝ ሲወሰን ማየት ያንገበግባል።

ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያለው ኢትዮጵያን ኮሙኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ከ1983 ጀምሮ ስደተኞችን ሲረዳ የቆየ ድርጅት ነው። አዲስ የመጣን ቤተሰብ ማገዝ ደስ የሚልሽ ከሆነ ወደዚያ ሂጂ።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ደግሞ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የኪራይ ጭማሪ ገደብ ሕግ አውጥቷል። ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ዓመታዊው ጭማሪ ከ6 በመቶ አይበልጥም። የኪራይ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ይህን አመሳክሩ። ዜግነት ገና ያላገኛችሁም አትቅሩ፤ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን በከተማዋ ምርጫ ታስመርጣለች።

እህቴ፣ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያዢ። የተከራዮቹን ከመረጥሽ ከፎቅሽ ጀምሪ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በር ማንኳኳት ይመቻል።