የቮልሴ ካርቡራተር፦ ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ሰላም። ቮልሴ ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጅ የ1968 ሞዴል ናት። ሞተሯ ግን በኋላ የተቀየረ ባለ 1600 ሲሲ ነው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በየጎኑ ሁለት ሁለት መግቢያ አለው። ካርቡራተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) አንድ ሶሌክስ 34 ፒክት 3፣ ዲስትሪቢዩተሯ (እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ደግሞ ቫኪዩም የሌለው፣ ማለትም የእሳቱን ጊዜ በሞተሩ ስበት የማያስተካክል ቦሽ 009።

ጠዋት ስትነሳ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ቤንዚን ስሰጣት ለአፍታ ትታፈናለች፣ ከዚያ ትዘላለች። የእንጦጦን ዳገትማ እያለቃቀሰች ነው የምትወጣው። ካንዴላዎቹ እንደ ምጣድ ጠቁረዋል።

ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ቫልቮቹን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊሜትር ላይ አስተካከልኩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው ብዬ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ) ከ127.5 ወደ 120 አወረድኩት። ጭሱ ቀነሰ፤ መታፈኑ ግን ያው ነው። የማኒፎልዱን (ድብልቁን ከካርቡራተሩ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን ቱቦ) ጎማዎችም ቀየርኩ፣ አየር አይስቡም።

የገረመኝ ነገር፦ ሞተሩ 10 ደቂቃ ሠርቶ እንኳ ማኒፎልዱን ስነካው በረዶ ነው። ከካርቡራተሩ ሥር ላብ ያንጠባጥባል። ከጭስ ማውጫው ሙቀት የሚያመጣለትን ቀጭን ቱቦ ጥላሸት የደፈነው ይመስለኛል።

መካኒኬ "ይሄን ጣለውና ሁለት ዌበር 34 አይሲቲ ከነአጫጭር ማኒፎልዳቸው ግጠም" ይላል። ሁለቱን እኩል ማስተንፈስ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም።

እናንተ ብትሆኑ ቱቦውን አስጠርጋችሁ፣ ቫኪዩም ያለው ዲስትሪቢዩተር ገጥማችሁ በዚሁ ሶሌክስ ትቀጥላላችሁ ወይስ ወደ ሁለቱ ዌበር ትሄዳላችሁ?