የሩሌት ጥያቄና መልስ፦ የውርርድ ገደቡ አስቸገረኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ካሉ ጓደኞቼ ጋር ኦንላይን የምንጫወተው የካዚኖ መልክ ያለው ጥያቄና መልስ እየሠራሁ ነው፤ በነጥብ ብቻ እንጂ ብር የለበትም። የአውሮፓው ሩሌት (ኳስ የምትሽከረከርበትና አንዱ ቁጥር ላይ የምታርፍበት የካዚኖ ጎማ) ከ0 እስከ 36፣ 37 ቁጥር አለው። ጣናም 37 ደሴት አለው ስለሚባል ቁጥሮቹን በደሴት ተካኋቸው፤ ኳሷ ደቅ ላይ ካረፈች ስለ ናርጋ ሥላሴ ይጠየቃል። ይሄን ሁሉም ወዶታል።

ውርርዱ ነው ያስቸገረኝ። ሁሉም በ1000 ነጥብ ይጀምራል፣ ጥያቄውን ሳይሰማ ያስይዛል። ገና በጠዋቱ ያለውን ሁሉ አስይዞ የተሳሳተ ሰው ጥሎ ይወጣል። ለከሰረ 200 ስሰጥ ደግሞ መክሰርን የሚፈራ ጠፋ። ከግማሽ በላይ ማስያዝ ስከለክል መሪው መጨረሻ ላይ 1 ነጥብ አስይዞ ቁጭ ይላል (ሕጉን አልጣሰም፣ ግን ያናድዳል)። ትንሹንና ትልቁን ውርርድ በምን ስሌት ብወስነው ነው እስከ መጨረሻው ጥያቄ ሁሉም የማሸነፍ ተስፋ የሚኖረው?