ቫኪዩም ተደርጎ የታሸገ ከረጢት ከቀናት በኋላ የሚላላው ለምንድን ነው?

ጓዳ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የከረጢቱ አፍ ብቻ ወደ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት የቤት ቫኪዩም ማሸጊያ ነው የምጠቀመው። ከረጢቶቹ አንድ ወገናቸው ሸካራ ነው። ሲታሸግ ምግቡ ላይ ልጥፍ ይላል፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ግን አንዳንዱ ይላላል። አጥንት ያለው ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ይላላል፣ አጥንት የሌለውም አልፎ አልፎ። ጥሬ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ፍሪጅ ውስጥ ጭራሽ ይነፋል። ዱቄት ደግሞ ከመጀመሪያውም በደንብ አይዘጋም።

ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ የከረጢቱ ነው ወይስ የአሠራሩ? በዚያው ልጠይቅ፦ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ አድርጎ በዚህ መንገድ አሽጎ ማስቀመጥስ ይቻላል?

ሽቦና ጎማ

በተለያየ ምክንያት የሚመጡ ነገሮች ናቸው አንድ ላይ የገጠሙዎት። የማሽኑንና የሥጋውን እኔ ልበል።

ማሽኑን ከምግቡ ለመለየት ሁለት ሙከራ ይበቃል። ባዶ ከረጢት አየሩን አስመጥጠው ያሽጉና ጠረጴዛ ላይ ይደር። ጠዋት እንደተጣበቀ ካገኙት ማሽኑም ከረጢቱም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ምግቡ ወይም አሞላሉ ላይ ነው። ላልቶ ካገኙት ሌላ ከረጢት አየር እንደያዘ «ማሸግ ብቻ» በሚለው ቁልፍ ይዝጉትና ውሃ ውስጥ ነክረው በመዳፍ ይጫኑት። አረፋው ከታሸገው መስመር ላይ ከወጣ ጥፋቱ የሙቀት ወይም የንጽሕና ነው። ከጎን ወይም ከማዕዘን ከወጣ ግን ከረጢቱ ራሱ ነው።

መስመሩን ብርሃን ላይ ይዘው ይዩት። ጥሩ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ነጣ ነጣ ያለ ቦታ ካለው ፕላስቲኩ እዚያ ጋ በቂ ሙቀት አላገኘም። ጥቃቅን አረፋ ካለበት እርጥበት ነበረ ማለት ነው፤ ውሃው ፕላስቲኩን በሚያቀልጠው የማሽኑ ሽቦ ሙቀት ተንኖ ሁለቱ ገጾች እንዳይዋሃዱ ያደርጋል። ሳስቶ ከተለጠጠ ወይም ጠርዙ ከቀለጠ ሙቀቱ በዝቷል። ይህ የሚሆነው ብዙ ከረጢት ያለ ዕረፍት ሲከታተል ነው፤ በየመካከሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይስጡት።

ሥጋ ላይ ዋናው ጠላት የመስመሩ እርጥበትና ቅባት ነው። ፓምፑ አየሩን ሲስብ የሥጋውንም ውሃ ወደ አፉ ያመጣዋል፤ ሲዘጋ ያማረ የነበረው ከረጢት በኋላ የሚከዳው ለዚህ ነው። ከመሙላትዎ በፊት የከረጢቱን አፍ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይቀልብሱት፤ ሥጋውን ካስገቡ በኋላ መልሰው ይዘርጉት። ያን ጊዜ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ሥጋ አይነካውም። ሥጋውን አስቀድሞ ትሪ ላይ ዘርግቶ ፍሪዘር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ማቆየት ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ላዩ ስለሚጠነክር ውሃ አይለቅም፣ ቅርጹም አይጨፈለቅም። ለዚህ ጊዜ ከሌለ የታጠፈ የወጥ ቤት ወረቀት በሥጋውና በመስመሩ መካከል ያጋድሙ፤ መስመሩ ሥር ግን እንዳይገባ። በምግቡና በመስመሩ መካከል ቢያንስ 7 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። ከረጢት ለመቆጠብ ብለው ይህን ካሳጠሩ አፉ ይጨማደዳል፤ በጭምድዱ ውስጥ ደግሞ ፀጉር የምታህል መተላለፊያ ትቀራለች።

አጥንት ያለው ላይ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በኋላ ነው። ፕላስቲኩ ፍሪዘር ውስጥ ይደርቃል፤ ከረጢቶቹ ሲፋተጉ ወይም አንዱ ሲወድቅ በአጥንቱ ጫፍ ላይ ይበሳል። ጫፉን በደንብ በታጠፈ የመጋገሪያ ወረቀት ይሸፍኑ፣ ደርድረውም ያስቀምጡ እንጂ አይክመሩ።

ማሽኑ ላይ የሚታዩት ጥቂት ናቸው። ሽቦውን የሸፈነው የቴፍሎን ቴፕ ተቃጥሎ ወይም ተሸብሽቦ ከሆነ ይቀየር። በላይኛው ክዳን ያለው የሚጫነው ጎማ ላይ ጉድጓድ ካለ በዚያ ቦታ መስመሩ አይዘጋም። ዙሪያውን ያለው ስፖንጅ ወልቆ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይመለስ። እና እባክዎ ማሽኑን ክዳኑን ቆልፈው አያስቀምጡት። ስፖንጁ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ አየር በደንብ አይዝም።

ቅጠላ ቅጠል

ጎመኑ ላይ ማሽኑ ምንም አላጠፋም። የተቆረጠ ጥሬ አትክልት ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ከረጢቱም ይነፋል። ጥቅል ጎመን፣ የአበባ ጎመንና ብሮኮሊ በዚህ የታወቁ ናቸው። ለጥቂት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ቫኪዩም አያስፈልጋቸውም፤ አየር በሚያስገባ ከረጢት ይቀመጡ።

ለፍሪዘር ከሆነ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ተደርገው ይውጡ። ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ቀለሙንና ጣዕሙን ማበላሸታቸውን የሚቀጥሉት ኢንዛይሞች የሚቆሙት በሙቀት ነው። ለግማሽ ኪሎ አትክልት 4 ሊትር ያህል የሚንተከተክ ውሃ ይጠቀሙ። ውሃው በ1 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መፍላት አለበት፤ ካልፈላ አትክልቱ በዝቷል። ጊዜው የሚቆጠረው ተመልሶ ከፈላ በኋላ ነው፦ የተከተፈ ጥቅል ጎመን አንድ ደቂቃ ተኩል፣ የተቆራረጠ ካሮት 2፣ ስፒናች 2፣ ፎሶሊያና ብሮኮሊ 3 ደቂቃ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ 1 ደቂቃ ይጨመራል። ከዚያ ለተመሳሳይ ጊዜ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይቀዝቅዝ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። አትክልቱ በጨርቅ በደንብ ይድረቅ፣ ትሪ ላይ ተበትኖ ይቀዝቅዝ፣ ሲጠነክር ብቻ ወደ ከረጢት ይግባ። እርጥቡን ካሸጉት ፓምፑ ውሃ ይስባል፣ አትክልቱም አንድ የበረዶ ድንጋይ ይሆናል።

አራት ዲግሪ

ነጭ ሽንኩርት በዘይት፦ ቫኪዩም አድርጎ ማስቀመጥ አይቻልም። በዚህ ድርድር የለም።

ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ የሚራባው ኦክስጅን በሌለበት ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከአፈር ነው የሚመጣው፣ አሲዱም አነስተኛ ነው። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ ቫኪዩሙ ይደግመዋል። ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ አይሸትም፣ አይቀምስም፣ ከረጢቱም የግድ አይነፋም። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ነው፤ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ወዲያውኑ ፍሪዘር ይግባ።

አየር ማውጣት ሥጋው እንዳይደርቅና ቅባቱ እንዳይሻግት ያደርጋል። ባክቴሪያን የሚይዘው ግን ቅዝቃዜው ነው። አንዳንዱ የቦቱሊነም ዝርያ ከ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ሊያድግ ይችላል፤ ሊስቴሪያ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ኦክስጅን ኖረም አልኖረም ፍሪጅ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን። በሚታመን ቴርሞሜትር ይለካ፤ በር ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አያስተማምንም። የበሰለ ምግብ ቫኪዩም ስለተደረገ ብቻ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እና 4 ቀን በላይ አይቆይ። ጥሬ እንጉዳይና ለስላሳ አይብ አይታሸጉ። ደረቅ አይብ ግን ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በጣም ይጠቀማል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የቀዘቀዘ ዓሣ ሊቀልጥ ወደ ፍሪጅ ሲገባ ከረጢቱ መከፈት ወይም መበሳት አለበት። ምክንያቱ ያው ነው።

ጓዳ

አመሰግናለሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ትቼዋለሁ። ባዶው ከረጢት አድሮም አልላላም፤ ስለዚህ ነገሩ አሞላሉ ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። ሥጋው ሲከፈት ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ የሚሸተው ተበላሽቶ ነው? ሾርባ እንዴት ይታሸጋል? ማሽኑ ላይ ያለው የግፊት መለኪያስ መመሪያው ላይ ከተጻፈው በታች የሚያሳየው ለምንድን ነው?

ሽቦና ጎማ

ቀለሙ የኦክስጅን ማጣት ነው። ሥጋን የሚያቀላው ማዮግሎቢን አየር ሲያገኝ ይቀላል፣ ሲያጣ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ከፍተው ፍሪጅ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢያስቀምጡት ቀለሙ ይመለሳል፣ ታምቆ የቆየው ሽታም ይበናል። ከዚያ በኋላም ከጎመዘዘ ወይም ካሙለጨለጨ ይጣል።

ሾርባ በእንዲህ ያለ ማሽን ፈሳሽ እንዳለ አይታሸግም፤ ወደ ፓምፑ ይገባል። በመያዣ ያቀዝቅዙት፣ እንደ ጡብ ሲሆን አውጥተው ከረጢት ውስጥ ያሽጉ። ሙሉ ከረጢቱን ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ትልልቆቹ ማሽኖች ፈሳሽ ማሸግ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ከከረጢቱ ውጭም ውስጥም ግፊቱ እኩል ስለሚወርድ ፈሳሹን ወደ አፉ የሚገፋው የለም። እነሱም ቢሆኑ ፈሳሹ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ ግፊቱ ሲወርድ ለብ ያለ ውሃ እንኳ ይፈላል። ሸካራ ከረጢት የግድ የሚሆነውም ለእርስዎ ዓይነት ማሽን ነው፤ ለስላሳው አፉ ላይ ተጣብቆ አየሩን ውስጥ ያስቀረዋል።

መለኪያው የሚያሳየው በውጭው አየርና በውስጡ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ 2,400 ሜትር ላይ ወደ 76 ይወርዳል። ማሽኑ የተጻፈበት 80 ኪሎ ፓስካል ከሆነ እዚያ ከፍታ ላይ 80ን ማሳየት በፍጹም አይችልም። አልተበላሸም። ደጋ ላይ ከረጢቱ ምግቡን የሚጨብጠውም ትንሽ ላላ ብሎ ነው።

ደረቅ ዕቃ

ዱቄቱን ማንም አላነሳውም። ፓምፑ ዱቄቱን ስቦ መስመሩ ላይ ይበትነዋል፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ዱቄት ካለ አይጣበቁም፣ ስፖንጁም ይቆሽሻል። ዱቄቱን በወረቀት ከረጢት አድርገው አፉን አጥፈው፣ ያንን በቫኪዩም ከረጢት ውስጥ ያሽጉ።

እህልና ዱቄት ላይ ነቀዝ ካሰጋዎት ቫኪዩሙ ብቻ እንቁላሉን ይገድለዋል ብለው አይመኑ። አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን ያቆዩት። ከፍሪዘር ሲወጣ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ከረጢቱ አይከፈት፤ ከተከፈተ ጤዛ ይይዛል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው እህል እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። እርጥብ እህልን አየር ማሳጣት ራሱ አደጋ ነው።

ኦቾሎኒና ሌሎች ለውዞች ከደረቅ ዕቃዎች ሁሉ በቫኪዩም የሚጠቀሙ ናቸው፤ ቅባታቸውን የሚያሻግተው ኦክስጅን ነውና። ገና የተቆላ ቡና ግን ቀናት ሙሉ ጋዝ ስለሚለቅ ወዲያው ቢያሽጉት ይነፋል።

ቅጠላ ቅጠል

ደረቅ ዕቃ ላይ እኔ ኦክስጅን የሚመጥጡትን ትንንሽ ፓኬቶች እመርጣለሁ። የቤት ፓምፕ የተወሰነ አየር ማስቀረቱ አይቀርም፤ ፓኬቱ ያንን ይጨርሰዋል።

ደረቅ ዕቃ

ለእህል እስማማለሁ፤ ለስኳር ግን አይግባ፣ ድንጋይ ያደርገዋል። ፓኬቶቹን ደግሞ ከከፈቷቸው በደቂቃዎች ውስጥ መጠቀም ነው፤ አየር ላይ ካደሩ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ጓዳ

የመጨረሻ፦ ከረጢቱን አጥቦ ደግሞ መጠቀም ይቻላል?

አራት ዲግሪ

ደረቅ ነገር የነበረበት አዎ፤ መስመሩን ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፣ በየጊዜው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ጥሬ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል የነበረበት ይጣል፤ ሸካራው ገጽ ውስጥ የገባውን ማጠብ አይቻልም። ቅባት የነካውም ቢታጠብ ዳግመኛ በደንብ አይታሸግም።